በሐይቅ ዳር ያለፈው ጀርመናዊ እና የዘጠኙ ከተሞች ቋንቋ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚያቀና ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሐይቅን ከተማ ያገኛል፤ ስሟን የሰጣት ውሃም በስተቀኙ ተዘርግቶ ይታየዋል። ምድሩ ተሁለደሬ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሉ አምባሰል ይቀጥላል። በዚህ አገር ያላለፈ መንገደኛ የለም፤ አሞሌ የጫነ ነጋዴ፣ ኪታቡን አንግቶ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ የሚዞር ደረሳ፣ ዘማች ወታደር። በ1842 የጸደይ ወራት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያለፈው አንድ እግረኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ዕድሜው 32 ነው። ጀርመናዊ ነው። አማርኛ ይናገራል፣ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ግዕዝ ያነባል። የያዘውን ንብረት ሁሉ ግን እዚሁ ወሎ ውስጥ ተዘርፏል።

ስሙ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላል። ኬንያ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ ያወራ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነውና። በቋንቋ ጥናት ዓለም ደግሞ የመጀመሪያውን የስዋሂሊ ሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ተብሎ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ስሙ የሚነሳው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ታሪክ ጋር ብቻ ነው። ወሎ ላይ የደረሰበት ነገር ወደ ሞምባሳ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን፣ እዚያም ቋንቋውን ያስተማረው የሙስሊሞች ቃዲ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሰውየው ሚሲዮናዊ ነበር፤ የመጣበትን ዓላማም ደብቆ አያውቅም። ስለ እስልምና የነበረው አመለካከትም መልካም አልነበረም፤ ይህንን ወደፊት እንመለስበታለን። ታሪኩ ግን የእኛም ታሪክ ስላለበት መታወቅ ይገባዋል።

ክራፍ የተወለደው ጥር 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን ቱቢንገን አጠገብ ባለች ዴሬንዲንገን በምትባል መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። ልጅ ሳለ የዓለም ካርታ ሲያይ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ አዳልና ሶማሌ ከሚባለው አገር ላይ የቦታ ስም እምብዛም አለመኖሩ አስገርሞት ነበር ይባላል። ቀጥሎ የእስኮትላንዳዊውን የጄምስ ብሩስን የአቢሲንያ ጉዞ አነበበ። በባዝል የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተማረ። መቀመጫው ለንደን በሆነው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ተቀጥሮ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ጀመረ። ዓድዋ ደርሶ ብዙም ሳይቆይ በ1838 በደጃዝማች ውቤ ተባረረ። ተስፋ አልቆረጠም፤ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1839 አንኮበር ገባ።

አንኮበር ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። እዚያ ልቡን የሳበው ኦሮምኛ ነበር። በንጉሡ ዘመቻዎች እየተከተለ የኦሮሞን አገሮች አየ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ በ1840 አጭር ሰዋስው፣ በ1842 ደግሞ የቃላት መዝገብ አሳተመ። ኦሮሞ በአፍሪካ ውስጥ ጀርመን በአውሮፓ እንዳለችው ያለ ሕዝብ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አገሩንም ኦርማኒያ ብሎ ሰይሞት ነበር። ይህ ሐሳብ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልለቀቀውም። በኋላ ስለ ባንቱ ቋንቋዎች የሠራውን ሁሉ የሠራው በመሠረቱ ወደ ኦሮሞ የሚያደርስ ሌላ በር ሲፈልግ ነው።

በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሳ። ሁለት ጉዳይ ነበረው። አንደኛው ወደ ጎንደር ሄዶ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን መገናኘት፣ ሁለተኛው ግብፅ ደርሶ እጮኛውን ሮዚኔ ዲትሪሕን ማግባት ነበር። በሸዋና በጎንደር መካከል ያለው ወሎ በዚያን ጊዜ በሙስሊም መሳፍንት እጅ ነበር፤ በወረ ሂመኖ ኢማም ሊበን ነበሩ፣ ሌሎቹም አገሮች በየገዥዎቻቸው ተከፋፍለው ይተዳደሩ ነበር። የለገ ጎራው ገዥ አዳራ ቢሌ ከሸዋው ንጉሥ ጋር ወዳጅነት ነበረውና ክራፍን በመጀመሪያ በደኅና ተቀበለው። ክራፍ ወደ ፊት ሲገፋ ግን ጊዜው ክፉ ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ተዋግተው ነበር፤ አገሩ ታውኳል፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አይታመንም። ክራፍ ወደ ሸዋ ለመመለስ ወሰነና እንደገና ወደ አዳራ ቢሌ ቤት ደረሰ።

በዚህ ጊዜ እንግድነቱ አልበጀውም። አዳራ ቢሌ አሰረው፤ ገንዘቡን፣ ልብሱን፣ መሣሪያውን ወሰደበት። ከቀናት በኋላ ለቀቀው፤ ወደ ሸዋ እንዲመለስ ግን አልፈቀደለትም። ክራፍ በተሁለደሬ በኩል የሐይቅን ውሃ አይቶ፣ በየጁና በላስታ፣ ከዚያም በትግራይ አድርጎ በግንቦት መጀመሪያ ባዶ እጁን ምፅዋ ገባ። ጉዞውን በሚተርከው መጽሐፉ የወሎ ስም በበጎ አይነሳም። የአዳራ ቢሌ አድራጎት የሚመረመርበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ከሸዋ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያልፍ ፈረንጅ ሰላይ መምሰሉም አይቀርም። ሆኖም መንገደኛን በቤት ተቀብሎ መዝረፍ በየትኛውም ሚዛን የሚደገፍ አይደለም፤ የኢብኑ ሰቢል ሐቅ በቁርአን የተደነገገ ነው።

ክራፍ በዚያው ዓመት ግብፅ ላይ ሮዚኔን አገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ ለመመለስ ያልሞከረው ነገር የለም፤ በታጁራ በኩል ተከለከለ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ለፈረንጆቹ በራቸውን ዘጉ። በ1843 ባልና ሚስቱ በምፅዋ በኩል ወደ ትግራይ ሊገቡ ሲሞክሩ፣ በሳሆዎች ምድር በረሃ ላይ ሮዚኔ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ወዲያው ሞተች። ስሟን በአማርኛ እንባ ብለው ሰየሟት።

ኢትዮጵያ በሁሉም በሮቿ ስትዘጋበት ክራፍ ዐይኑን ወደ ደቡብ አዞረ። ኦሮሞዎች ከሸዋ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድረስ እንደተዘረጉ ሰምቶ ነበር፤ ስለዚህ ከሰሜን ያልተገኘውን በር ከደቡብ እከፍተዋለሁ አለ። በጥር 1844 ዛንዚባር ደረሰ። የዑማንና የዛንዚባር ገዥ ሰይድ ሰዒድ ብን ሱልጣን በክብር ተቀበሉት። ለባሕር ዳር ሹማምንት ሁሉ ይህ ሰው መልካም ሰው ነውና አግዙት የሚል ደብዳቤ ጻፉለት። ሰይድ ሰዒድ የክራፍን ዓላማ ሳያውቁ የጻፉት አይደለም፤ ሃይማኖቱን ለማስተማር እንደመጣ ደብዳቤው ራሱ ይጠቅሳል። ከአንድ ሙስሊም ገዥ እጅ ተዘርፎ የወጣ ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከሌላ ሙስሊም ገዥ እጅ የይለፍ ወረቀት ተቀበለ። ክራፍን ያነበቡ አውሮፓውያን የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ያነሱታል፤ ሁለተኛው ግን ያን ያህል አይወራለትም።

በግንቦት ወር ሞምባሳ ሰፈረ። በሐምሌ ሮዚኔ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች፤ ባልም ሚስትም በወባ ተይዘው ነበር። ሐምሌ 13 ሮዚኔ ሞተች፤ ሕፃኗም ከእናቷ ብዙ ቀን አልዘገየችም። ክራፍ ራሱ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር።

ሆኖም ከሐዘኑ በፊት፣ በሰኔ ወር፣ አንድ ሥራ ጀምሮ ነበር። የኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ነው። ሞምባሳ በገባ በሁለተኛው ወር ይህን መጀመሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ብቻውን ግን አልሠራውም። አጠገቡ ተቀምጠው ቃሉን ያረሙለት፣ የዐረፍተ ነገሩን አካሄድ ያሳዩት የሞምባሳው ቃዲ ሸይኽ ዐሊ ብን ሙሕይዲን ነበሩ። ክራፍ ዐረብኛ ያውቃል፤ ቃዲውም ዐረብኛና ስዋሂሊ ያውቃሉ፤ በመካከላቸው ድልድይ የሆነው ዐረብኛ ነበር። የአደም፣ የኑሕና የኢብራሂም ታሪክ ለቃዲው እንግዳ ነገር አይደለምና ሥራው አልከበዳቸውም ብሎ መገመት ይቻላል። የዚህ ትርጉም የመጀመሪያዎቹ 3 ምዕራፎች በ1847 በአሜሪካ የምሥራቃዊ ጥናት ማኅበር መጽሔት ላይ ታተሙ። በሕትመት ከወጡት የስዋሂሊ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ክራፍ የሞምባሳን ስዋሂሊ ከሌላው አብልጦ የወደደውም ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው ማለት ይቻላል፤ መምህሮቹ የሞምባሳ ሰዎች ነበሩና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስዋሂሊ የባሕር ዳር ከተሞች ቋንቋ ነው። ከሞምባሳ ጥቂት ወደ ውስጥ ሲገቡ፣ ኮረብታው ላይ ሌላ ሕዝብ ይኖራል። ዛሬ ሚጂኬንዳ ይባላል፤ ትርጉሙ ዘጠኝ ከተሞች ማለት ነው። ዘጠኙ ጊርያማ፣ ዲጎ፣ ዱሩማ፣ ራባይ፣ ሪቤ፣ ካምቤ፣ ጂባና፣ ቾንዪ እና ካኡማ ናቸው። በክራፍ ዘመን ይህ ስም አልነበረም፤ የባሕር ዳር ሰዎች ዋኒካ ይሏቸው ነበር፣ የዱር ሰዎች እንደማለት ነው። ስድብ ስለሆነ ዛሬ ማንም አይጠራበትም፤ ክራፍ ግን ቋንቋውን ኪኒካ ብሎ ስለጻፈው በመጻሕፍቱ ርዕስ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በእኛም አገር በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ተጣብቀው የቀሩ እንዲህ ያሉ ስሞች አሉ።

በነሐሴ 1846፣ ዮሐንስ ሬብማን የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ከደረሰለት ሁለት ወር በኋላ፣ ከሞምባሳ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ራባይ ሽማግሌዎቹ ፈቀዱለትና ጣቢያ ሠራ። ያን ቀን ሁለቱም ወባ ይዟቸው፣ አንዷ አህያ ላይ እየተፈራረቁ ነው ዳገቱን የወጡት። ራባይ ላይ በሃይማኖት ረገድ ያገኘው ፍሬ እጅግ ትንሽ ነበር፤ የተጠመቁት በጣት ይቆጠራሉ። የቋንቋው ፍሬ ግን ብዙ ሆነ።

የራባይ ንግግር ከጊርያማ፣ ከሪቤ፣ ከቾንዪ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ሰዎቹ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ዱሩማና ዲጎ ራቅ ይላሉ፤ ዲጎ ከሞምባሳ በስተደቡብ እስከ ታንጋ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ታንዛኒያ ድረስ ይነገራል። ልዩነታቸው ከስማቸው ይጀምራል። ጊርያማዎች ቋንቋቸውን ኪጊርያማ ሲሉ ዲጎዎች ቺዲጎ፣ ዱሩማዎች ቺዱሩማ ይላሉ፤ የቋንቋን ስም የሚያወጣው ኪ የሚለው መነሻ ቺ ሆኖላቸዋል። ከስዋሂሊ ጋር ሲተያዩ ደግሞ ሌላ ሕግ ይታያል። ስዋሂሊ ዛፍን ምቲ ሲል እነርሱ ሙሂ፣ እሳትን ሞቶ ሲል ሞሆ፣ ሦስትን ታቱ ሲል ታሁ ይላሉ። ተ በነበረበት ቦታ ሀ ገብቷል። ሰው ግን በስዋሂሊ ምቱ፣ በእነርሱም ሙቱ ነው፤ እዚህ ተ አልተለወጠም፤ ምክንያቱም በጥንቱ ቋንቋ ከተ በፊት ን ነበረች፣ ሙንቱ። ባንቱ የሚለው ስም ራሱ የዚህ ቃል ብዙ ቁጥር ነው፣ ሰዎች ማለት ነው። ክራፍ ይህን ሲመዘግብ ባንቱ የሚለው የቋንቋ ቤተሰብ ስም ገና አልታወቀም ነበር፤ ስሙ የተስፋፋው ቪልሄልም ብሌክ በ1862 ባሳተመው የንጽጽር ሰዋስው ነው።

የእነዚህ ቋንቋዎች ጠባይ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነው። አማርኛ ቃሉን ከመጨረሻው ይለውጣል፣ ሰው ሰዎች ይላል። እነርሱ ከመጀመሪያው ይለውጣሉ፣ ምቱ ዋቱ፣ በጊርያማ ሙቱ አቱ። ስሞች ሁሉ በየመነሻቸው በክፍል በክፍል ተደልድለዋል። እዚህ ላይ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ኪታብ የሚለው የዐረብኛ ቃል ወደ ስዋሂሊ ሲገባ ኪታቡ ሆነ፤ ስዋሂሊዎች ኪ የምትለዋን የራሳቸው መነሻ አድርገው ቆጠሯትና ብዙ ቁጥሩን ቪታቡ አሉት። ዱንያ፣ ሰደቃ፣ ዱዓ፣ ወቅት፣ ኸበር የሚሉትን ቃላት ወሎዬውም የሞምባሳውም ሙስሊም ከአንድ ምንጭ ቀድቷቸዋል፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ ቋንቋ ወግ አልብሷቸዋል።

ክራፍ በ1848 የሉቃስን ወንጌል በራባይ ቋንቋ ተርጉሞ ቦምቤይ ላይ አሳተመ። በ1850 ወደ አገሩ ለአጭር ጊዜ ሲመለስ ቱቢንገን ላይ ሁለት መጻሕፍት አወጣ። አንደኛው የስዋሂሊ ሰዋስው ነው፤ ርዕሱ ላይ ለኪኒካ ልዩ ትኩረት የሰጠ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው የስድስት ቋንቋዎች የቃላት መዝገብ ነው፤ ስዋሂሊ፣ ኪኒካ፣ ካምባ፣ ፖኮሞ፣ ያኦ፣ በስድስተኛው ረድፍ ደግሞ ኦሮምኛ። አምስቱ ባንቱ ናቸው፤ ስድስተኛው በሸዋ የተማረው፣ በወሎ የሰማው ቋንቋ ነው። ያ ረድፍ ክራፍ ከየት እንደመጣና ምን ሲፈልግ እንደነበረ ሳይናገር ይናገራል። በጣና ወንዝ ዳር ያሉት ኦሮሞዎች፣ ዛሬ ኦርማ የሚባሉት፣ የፖኮሞዎች ጎረቤቶች ናቸው። የሚጂኬንዳ አፈ ታሪክም ከሰሜን፣ ሹንግዋያ ከሚባል አገር በኦሮሞዎች ተገፍተን መጣን ይላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ።

ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ስዋሂሊ ክራፍ ከመምጣቱ በፊት ያልተጻፈ ቋንቋ አልነበረም። የላሙ፣ የፓቴና የሞምባሳ ሙስሊሞች በዐረብኛ ፊደል ለብዙ ዘመን ሲጽፉት ኖረዋል። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እንደጻፉት፣ ሸይኽ ጦልሓ ብን ጃዕፈር መንዙማቸውን በዐጀም እንዳስቀመጡት ማለት ነው። ክራፍ ይህንን ያውቃል፤ የቃዲውን እጅ ጽሑፍም አይቷል። ሰዋስዉን ሲያሳትም ግን የላቲን ፊደል መረጠ፤ ምክንያቱንም በግልጽ አስቀመጠ። አንዱ የሙያ ምክንያት ነው፤ የዐረብኛ ፊደል የባንቱን አናባቢዎችና አንዳንድ ድምፆች ለመለየት አይመችም አለ። በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ በዐጀም የተጻፈን የስዋሂሊ ግጥም ለማንበብ ቋንቋውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሙያ አይደለም። የዐረብኛ ፊደል ከጸና ወደ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወደ እስልምና የሚሳብበት በር ይከፈታል ብሎ ፈራ። የራባይን ቋንቋ የወደደበትም አንዱ ምክንያት የእስልምና ቃላት ያልበዙበት መሆኑ ነው።

ይህ ውሳኔ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሚሲዮኖች፣ ከእነርሱም በኋላ የጀርመንና የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች በዚያው መንገድ ሄዱ። ዛሬ ስዋሂሊ የሚጻፈው በላቲን ነው። የድሮው ጽሑፍ በመድረሳዎችና በአሮጌ ቤተሰቦች ሳጥን ውስጥ ቀረ። እንግዲህ ሰውየውን በአንድ ቃል መመዘን ያስቸግራል። ቋንቋውን ያስተማሩት ቃዲ ይጠቀሙበት የነበረውን ፊደል ከመንገድ ገፋ፤ በዚያው እጁ ደግሞ የእነዚያኑ ሙስሊሞች ግጥም ከመጥፋት ያዳነ ሰው ነው። በ1854 የስዋሂሊ እጅ ጽሑፎችን ጀርመን ውስጥ ሃሌ ከተማ ለሚገኘው የምሥራቃዊ ጥናት ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከእነዚህ አንዱ ስለ ተቡክ ዘመቻና ስለ ሮማው ንጉሥ ሂረቅል የሚተርከው ረጅም ግጥም ነው። ኡቴንዲ ዋ ታምቡካ በሚለው ስሙ የሚታወቀው ይህ ሥራ በ1728 በፓቴ የተጻፈ ሲሆን፣ በስዋሂሊ ቀኑ ታውቆ ከተረፉት ግጥሞች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት መካከል ይቆጠራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመሯትን ዘመቻ የሚዘክር ግጥም በአንድ ሚሲዮናዊ ሻንጣ ተጉዞ ሃሌ ገባ።

ስለ ጉዞዎቹ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ እንለፈው። ሬብማን በግንቦት 1848 ኪሊማንጃሮን አየ፤ ክራፍ በታኅሣሥ 3 ቀን 1849 ከኪቱይ ሆኖ የኬንያን ተራራ ተመለከተ። ስሙን ካምባዎች እንደሚጠሩት ጻፈው፤ ከዚያ አገሪቱ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራች። ከምድር ወገብ አጠገብ በረዶ አለ ሲባል የለንደን ምሁራን ሳቁ። በ1851 እንደገና ወደ ካምባ አገር ሲሄድ አብሮት የነበረው ባለጸጋ ነጋዴና አለቃ ኪቮይ በሽፍቶች ተገደለ። ክራፍ ብቻውን በዱር ሲንከራተት ውሃ የሚይዝበት አጥቶ በጠመንጃው አፈሙዝ ቀድቶ ነበር የተጓዘው።

በ1853 ጤናው ተሰብሮ ወደ ጀርመን ተመለሰና ሽቱትጋርት አጠገብ ኮርንታል በምትባል መንደር ተቀመጠ። ኢትዮጵያ ግን ትጠራው ነበር። በ1855 ማርቲን ፍላድ ከሚባል ወጣት ጋር ወደ ጎንደር አገር መጣ፤ ዘመነ መሳፍንት አልቆ ዓፄ ቴዎድሮስ መንገሣቸው ነበር። በ1861 ለሌላ ሚሲዮን መንገድ ሊያሳይ ሪቤ ድረስ ሄደ፤ ሪቤ ከዘጠኙ ከተሞች አንዷ ናት። በ1867 መጨረሻ እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በአስተርጓሚነት ቀጠሩት። መቅደላ ከአምባሰል ሩቅ አይደለም፤ ከ25 ዓመት በኋላ የተዘረፈበትን አገር ዳግመኛ ሊያይ ነበር። ሕመም አላስቻለውም፤ ሳይደርስ ከመንገድ ተመለሰ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራው ሁሉ ወረቀት ሆነ። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን አሳረመ፤ ኦሮምኛ ትርጉሙን በዚህ ጊዜ በላቲን ሳይሆን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በአንኮበር ዘመኑ በላቲን የጻፈውን ቋንቋ አንባቢው ወደሚያውቀው ፊደል መመለሱ፣ ለአገሬው ፊደል የሚሰጠው ዋጋ እንደየሃይማኖቱ ይለያይ እንደነበረ ያሳያል። የስዋሂሊውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ግን 30 ዓመት ያህል ሲያሰባስብ ኖረ። መሠረቱ የሞምባሳው ስዋሂሊ፣ ኪምቪታ የሚባለው ነው፤ የላሙንና የዛንዚባሩንም እየለየ ይጠቅሳል፤ የራባይንም ቃል በየቦታው ለንጽጽር ያስገባል። በዚያን ጊዜ ዛንዚባር ላይ ኤድዋርድ ስቲር የሚባል እንግሊዛዊ በደሴቲቱ ንግግር፣ በኪኡንጉጃ፣ መጻሕፍት ያወጣ ነበር። በሁለቱ ንግግሮች መካከል የነበረው ፉክክር የተቆረጠው ከክራፍ ሞት በኋላ ነው። በ1928 ሞምባሳ ላይ የተሰበሰቡ የቅኝ ግዛት መንግሥታት ባለሥልጣናት የዛንዚባሩን መደበኛ አድርገው መረጡ። ሸይኽ ዐሊ ብን ሙሕይዲን የተናገሩት ንግግር፣ የሞምባሳ ባለቅኔዎች ቋንቋ፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ቀረ። ድምፁን በስፋት የሚያስገኝ መዝገብ ዛሬም የክራፍ ነው።

የዘጠኙ ከተሞች ልጆች በ2019ኙ የኬንያ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተቆጥረዋል። ዲጎዎች በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። ክራፍ ከእስልምና ሊያርቀው ያሰበው የሚጂኬንዳ ቋንቋ አንዱ ክንፍ በየመስጊዱ ደጃፍ የሚነገር ሆኗል። ቋንቋውን የሚያሰጋው ዛሬ ሃይማኖት ሳይሆን ስዋሂሊ ራሱ ነው፤ ሞምባሳና ማሊንዲ የሚያድግ ልጅ ስዋሂሊውን ይይዝና የአያቱን ቋንቋ ይረሳል። ይህ ለወሎ ሰው የሚገባ ነገር ነው። አርጎብኛ ከብዙ መንደሮች ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታ ለቆ ሲጠፋ፣ በእኛ አካባቢ ሾንኬና ጦለሃ ላይ ተጠግቶ የቀረበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው የራባይን ሽማግሌ ጭንቀት አይስተውም።

ክራፍ በኅዳር 26 ቀን 1881 ኮርንታል ላይ ሞተ። ጠዋት ሲፈልጉት አልጋው ሥር ተንበርክኮ አገኙት። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ላይ ታተመ። ከሬብማን ጋር ያዘጋጁት የራባይ ቋንቋ መዝገብ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ተስተካክሎ በ1887 ወጣ፤ ያን ጊዜ ሬብማንም ከሞተ 11 ዓመት ሆኖት ነበር።